ሽቦ ነካሁ ብለህ እንዳትወርድ

ገልባጭ መኪና፣ ካሶኒውን (የጭነት ሳጥኑን) ወደ ላይ ሰቅሎ የሚያራግፈውን፣ ብዙ ዓመት ነድቻለሁ። አሁን አዳዲስ ሹፌሮችን አለማምዳለሁ። ሰሞኑን አንዱን ልጅ «ካሶኒው የኮረንቲ ሽቦ ቢነካብህ ምን ታደርጋለህ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ወዲያው ዘልዬ እወርዳለሁ!» አለኝ፤ ደግሞ በኩራት። ይህን መልስ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ለእሱም ለሌሎቹም ልጻፈው።

ካሶኒ ሰቅሎ መንዳት

በዚህኛው በማንም ላይ አልፈርድም፤ እኔም አድርጌዋለሁ። አሸዋ እየገለበጥኩ ነው። እርጥብ ስለነበር ጥግ ጥጉ ላይ ተጣብቆ አልወርድ አለ። ትንሽ ሄድ ብዬ ፍሬን ብይዝ ይራገፋል አልኩና ካሶኒው እንደተሰቀለ ተንቀሳቀስኩ። ዓይኔ ስፖኪዮው ላይ ነው። ወደ ላይ ማን ያያል? ረዳቴ ከሩቅ እጁን እያወናጨፈ ሲጮህ ቆምኩ። ወርጄ ቀና ስል በካሶኒው ጫፍና በሽቦው መካከል አንድ ክንድ ቢቀር ነው። ላቤ የመጣው ያኔ ነው። ወርጄ ማየቴ ራሱ ከመንዳቴ የባሰ ጥፋት እንደነበር የገባኝ ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ጭነት ሲራገፍ ባሌስትራው፣ ማለትም ጭነቱን የሚሸከመው የብረት ሞላ፣ ይለቀቃል፤ መኪናው ከፍ ይላል። ጭነህ ያለፍክበትን ሽቦ ባዶህን ስትመለስ ልትነካው ትችላለህ። ሽቦውም ባለበት አይቆይም። ሲሞቅ ይለጠጥና ይረግባል። ጠዋት ያሳለፈህ ቦታ ከቀትር በኋላ ላያሳልፍህ ይችላል።

«ካልነካሁት ምን ያደርገኛል?»

ይዘልላል። ቮልቴጁ ከፍተኛ ከሆነ ኮረንቲው ብረቱን ለማግኘት የግድ መነካካት የለባቸውም። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ ክሬን እስከ 50 ሺህ ቮልት ካለው መስመር 10 ጫማ ይራቅ ይላል፤ 3 ሜትር ገደማ ማለት ነው። ቮልቴጁን ካላወቅከው 20 ጫማ፣ ማለትም 6 ሜትር ገደማ። ይህ የሚለካው መኪናው ከቆመበት አይደለም። ካሶኒው ወይም የክሬኑ ክንድ ሙሉ ሲዘረጋ ከሚደርስበት ጫፍ ነው። በዓይን መገመት አይሠራም፤ ከሥር ሆነህ ስታየው ሰማዩ ሽቦውን ይውጠዋል። ሌላ ሥራ የሌለው፣ ሽቦውን ብቻ የሚያይ ሰው በጎን በኩል ራቅ አድርገህ አቁም። መኪናውን ተደግፎ ስልክ የሚነካካ ረዳት ጠባቂ አይባልም።

ሽቦን በእንጨት ከፍ ማድረግ

ጭነት ላይ ወጥቶ ሽቦ በእንጨት አነሳለሁ የሚል ካለ አስወርደው። እርጥበት ያለው እንጨት ኮረንቲ ያሳልፋል። በሽቦው ላይ ጥቁር ሽፋን ብታይም አትመነው። ሌላ የምለው የለኝም።

«ጎማው ያድነኛል»

ጎማ ንጹህ ላስቲክ አይደለም። ውስጡ ካርቦን አለ፣ የብረት ሽቦም አለ። ኮረንቲው በእሱ አልፎ መሬት ይገባል፤ ሲያልፍም ከውስጥ ያቃጥለዋል። ከውጭ ደህና መስሎ ቆይቶ የሚፈነዳ ጎማ አለ። በማዕድን ማውጫ ቦታዎች ሽቦ ከነካ ትልቅ መኪና 300 ሜትር ርቃችሁ 24 ሰዓት ጠብቁ የሚባለው ለዚህ ነው።

ዘልሎ መውረድ

እዚህ ላይ ትዕግሥት የለኝም። ሽቦው ካሶኒውን ሲነካ መኪናው በሙሉ፣ እስከ በር መያዣው ድረስ፣ የሽቦውን ቮልቴጅ ይይዛል። አንተም አብረህ። ግን ኮረንቲ የሚገድልህ በሰውነትህ ውስጥ ሲያልፍ ነው። ሽቦ ላይ ያረፈች ወፍ ምንም የማትሆነው ሌላ ነገር ስለማትነካ ነው። ጋቢና ውስጥ እስካለህ አንተም ያቺ ወፍ ነህ። አሁን ሰው ከመኪና እንዴት እንደሚወርድ አስበው። አንድ እጅ መያዣውን ጨብጧል። አንድ እግር መርገጫው ላይ ነው። ሌላው እግር መሬት ይፈልጋል። መሬት ባገኘባት ቅጽበት ኮረንቲው መንገድ አገኘ፤ መንገዱም አንተ ነህ።

ስለዚህ ተቀመጥ! ሽቦውን ሳትጎትት ካሶኒውን አውርደህ ወይም መኪናውን አንቀሳቅሰህ መላቀቅ ከቻልክ አድርገው። ካልቻልክ ደውል፣ ክላክስ አድርግ፣ ማንም እንዳይጠጋ በመስኮት ጩህ። የመብራት ሠራተኞች መጥተው «መስመሩ ተዘግቷል» እስኪሉህ ድረስ ንቅንቅ አትበል። ብልጭታው ጠፋ ማለት ኮረንቲው ጠፋ ማለት አይደለም። ብዙ መስመሮች ከተቋረጡ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ራሳቸው ተመልሰው ይመጣሉ። መሬቱ ደረቅ ከሆነ ደግሞ የሚፈሰው ኮረንቲ ስለሚያንስ ጨርሶ ላይቋረጥ ይችላል። የሚያንሰው ለመስመሩ ነው። ለሰው ልብ የአንድ አምፔር አንድ አሥረኛ ይበቃዋል።

አንድ ግንባታ ቦታ ላይ የክሬን ክንድ ሽቦ ነካ። ኦፕሬተሩ ጋቢናው ውስጥ ደርቆ ቀረ፤ ፈርቶ ነው እንጂ አውቆ አልነበረም። ፍርሃቱ አዳነው። በሩን ሊከፍትለት የሮጠው ጓደኛው ግን ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ልጁ ደግ ነበር፤ ማንም ቀድሞ የነገረው አልነበረም። ይህን ሳስብ እስካሁን ያንገበግበኛል።

መሬቱም ራሱ ይገድላል። ኮረንቲው ከመኪናው ዙሪያ ወደ ውጭ እየተሰራጨ እየቀነሰ ይሄዳል። ሰፋ አድርገህ ከተራመድክ አንዱ እግርህ የበዛበት፣ ሌላው ያነሰበት ቦታ ላይ ያርፋል። ልዩነቱ በእግሮችህ በኩል ያልፋል። ከብቶች በዚህ ቶሎ የሚሞቱት የፊትና የኋላ እግራቸው ስለሚራራቅ ነው። ለማዳን የሚመጣ ሰው ቢያንስ 10 ሜትር ርቆ ይቁም።

የምትወርደው መኪናው ከተቃጠለ ብቻ ነው። በሩን ክፈት፣ ጫፉ ላይ ቁም፣ እጅህን ደረትህ ላይ አጣጥፍ። እግሮችህን ገጥመህ ዝለልና በሁለቱም እኩል እረፍ። ከዚያ እግርህን ሳታነሳ፣ ተረከዝ ከሌላው ጣት ሳያልፍ፣ እየተንሸራተትክ ከ10 ሜትር በላይ ራቅ።

ያንን ልጅ በቆመ መኪና አለማመድኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ሦስት ጊዜ ዘለለ፤ ሦስቴም ግራ እጁ የበሩን መያዣ እንደያዘ ነው የወረደው። ሳያውቀው ነው፤ እጁ ለምዷል። በአራተኛው እጁን አጣጥፎ፣ እግሩን ገጥሞ፣ ቆንጆ አድርጎ ወረደ። ሦስት እርምጃ ያህል ተንሸራተተ። ከዚያ በሩ ክፍት መቅረቱን አየና ሊዘጋው ተመለሰ።

እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን።