ጂንስ ታጥቦ እግሩ ሲጠመዘዝ፦ የፍተሻ ችግሮችና መፍትሄያቸው

በልክ የሚሰፋ ጂንስ ላይ ጥራት መቆጣጠር ከብዛት ምርት ይለያል። በብዛት ሲመረት ናሙና እየወሰዱ መፈተሽ ይቻላል። አንድ ሰው ለራሱ ባዘዘው ሱሪ ላይ ግን ናሙና የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዱ ሱሪ ይፈተሻል። ጨርቁን መብራት ላይ ማየትን፣ ስፌቱን መከታተልን፣ ልኩን ከትእዛዙ ጋር ማመሳከርን ታውቁታላችሁ ብዬ አልፈዋለሁ። የምጽፈው ከዚያ ሁሉ አምልጠው ደንበኛ እጅ ስለሚገቡት ችግሮች ነው። አብዛኛውን ቦታ ለእግር መጠምዘዝ ሰጥቼዋለሁ፤ ጠረጴዛዬ ላይ ደጋግሞ የሚመጣው እሱ ነውና።

ምልክት፦ የጎን ስፌቱ ከእጥበት በኋላ ይዞራል

ሱሪው ከስፌት ሲወጣ ቀጥ ያለ ነው። ታጥቦ ሲደርቅ የጎን ስፌቱ ከጉልበት በታች መዞር ይጀምራል። ቅምቅማቱ ጋ ሲደርስ ጭራሽ ፊት ለፊት ይወጣል። ደንበኛው በእጁ ጎትቶ ያስተካክለዋል፤ ትንሽ ሲራመድ ተመልሶ ይዞራል።

ማንንም ከመውቀሳችሁ በፊት ሁለቱንም እግር አስተያዩ። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ከዞሩ፣ ማለትም በአንዱ እግር የጎን ስፌቱ ወደ ፊት፣ በሌላው ወደ ኋላ ከሄደ፣ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ጨርቁን ነው። አንዱ እግር ብቻ ከዞረ ግን ጨርቁን ተዉትና ወደ ቆራጩና ወደ ሰፊው ሂዱ።

ጨርቁ ሲሆን

አብዛኛው የጂንስ ጨርቅ ሦስት በአንድ ትዊል ነው። ድሩ በሦስት ማግ ላይ ያልፍና በአንዱ ስር ይገባል። ጨርቁ ላይ የምናየው ሰያፍ መስመር የሚመጣው ከዚህ ነው። ሰያፉ ወደ አንድ ወገን ብቻ ስለሚያደላ ጨርቁ ውሃ ነክቶት ሲላላ ማጉ ይጋደላል፤ ከድሩ ጋር የነበረው ቀጥ ያለ ማዕዘን ይጠፋል። ፓኔሉ፣ ማለትም ተቆርጦ የሚሰፋው የሱሪው ክፍል፣ ሲጋደል እግሩ ይዞራል።

ጥሩ ፋብሪካ ይህን ስለሚያውቅ ጨርቁን ሲያጠናቅቅ ማጉን አስቀድሞ ሰያፍ አድርጎ ይጎትተዋል። ስለዚህ ሲታጠብ ብዙ የሚጋደልበት አይቀረውም። በቂ ካልጎተተው ይዞራል። ከልክ በላይ ከጎተተው ደግሞ በተቃራኒው በኩል ይዞራል። ከሸማኔው ማሽን በቀጥታ የወጣ ጥሬ ጨርቅ ይህ ሥራ ስላልተሠራለት መዞሩ የሚጠበቅ ነው። እሱን ለሚያዝ ደንበኛ ሳይቆረጥ በፊት ንገሩት። ሰያፉ እየተሰበረ አቅጣጫ የሚቀያይር ትዊልም አለ። መጎተቱ ከሁለት በኩል ስለሚሆን እርስ በርሱ ይጣፋል። መጠምዘዝን ፈጽሞ ለማይታገሥ ደንበኛ እሱን አቅርቡለት።

ሙከራው ቀላል ነው። ከጥቅሉ ቁራጭ ውሰዱ፤ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ በማይለቅ ቀለም አስምሩበት። ሱሪው በሚታጠብበት መንገድ እጠቡት፤ አድርቁት። ከዚያ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያሉትን ሁለት ሰያፎች ለኩ። ከእጥበት በፊት ሁለቱም 70.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናቸው። ከእጥበት በኋላ አንዱ 72፣ ሌላው 69 ሆነ እንበል። ልዩነቱ 3 ነው። በሁለት አባዙትና ለሁለቱ ድምር፣ ማለትም ለ141 አካፍሉት። ወደ 4.3 በመቶ ይመጣል። እንዲህ ያለ ጥቅል እኔ አላስቆርጥም። ያው ካሬ በቁመትና በወርድ ምን ያህል እንደተሰበሰበም ይነግራችኋል፤ በአንድ እጥበት ሁለት መልስ ነው።

ይህ ሙከራ በየጥቅሉ ይሠራል። "ያው ጨርቅ ነው፣ ባለፈው ሞክረነዋል" የሚል መልስ አልቀበልም። በተለይ ወረቀት የሌለው ቁርጥራጭ ጥቅል ርካሽ ነው ተብሎ ሲገባ ያናድደኛል። አንድ ስፌት ቤት ጥቅል ሲያልቅበት የፊት ፓኔሉን ከአንዱ፣ የኋላውን ከሌላው ቆረጠ። ቀለሙ አንድ፣ ክብደቱ አንድ። የአንዱ ሰያፍ ግን ወደ ቀኝ፣ የሌላው ወደ ግራ ነበር። በዓይን ቀረብ ብሎ ያየ ቢኖር ይታይ ነበር። ማንም አላየም፤ ሱሪው ታጥቦ ሲወጣ ስፌቱ በየቦታው ተጎታትቶ ነበር። የሰያፉን አቅጣጫ ጥቅሉ ላይ ጻፉ። ሁለት ጥቅል በአንድ ሱሪ ላይ አታገናኙ።

ቆራጩ ሲሆን

ፓተርኑ (ጨርቁ የሚቆረጥበት የወረቀት ቅርጽ) ላይ ያለው የድር መስመር ከጨርቁ ዳር ጋር እኩል መሄድ አለበት። ጨርቅ ለመቆጠብ ፓኔሉን ትንሽ ማጋደል የተለመደ ነው። ትንሽ የምትመስለው ነገር ግን እግሩ ርዝመት ላይ ትበዛለች። 80 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ላይ አንድ ዲግሪ ማጋደል መጨረሻው ላይ 1.4 ሴንቲ ሜትር ነው።

ለማረጋገጥ ከወገብ ጀምራችሁ አንድ ሰማያዊ የድር ክር እስከ ቅምቅማቱ ድረስ በዓይን ወይም በመርፌ ጫፍ ተከተሉ። በግራና በቀኝ ፓኔል ላይ ክሩ የሚወጣበት ቦታ ከተለያየ ጥፋቱ የመቁረጫው ጠረጴዛ ነው። መፍትሄው የድር መስመሩን ከላይም ከታችም ከጨርቁ ዳር በሜትር መለካት ነው። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ መቀስ አይነሣም። የሚለጠጥ ጨርቅ ደግሞ ከጥቅሉ ተፈትቶ 24 ሰዓት ያህል ይረፍ። ተወጥሮ የተቆረጠ ጨርቅ በኋላ ይሰበሰባል።

ሰፊው ሲሆን

አንድ እግር ብቻ ዞሮ ሲመጣ ከሁሉ በፊት የምፈትሸው ይህን ነው። የስፌት ማሽን ጥርስ ከስር ያለውን ጨርቅ ይዞ ይጎትታል። የላይኛውን ደግሞ ከላይ የሚጫነው የማሽኑ እግር ወደ ኋላ ይይዘዋል። ስለዚህ ረጅም ስፌት ላይ የታችኛው ቶሎ ያልቃል፤ የላይኛው ይተርፋል። የጎን ስፌት ከሱሪው ረጃጅም ስፌቶች አንዱ ነው። በየመሐሉ ካልተያዘ ትርፉ ጫፉ ላይ ይከማቻል።

ሰፊው መጨረሻ ላይ ሲደርስ የፊት ፓኔሉ ከኋላው ረዝሞ ያገኘዋል። ምን ያደርጋል? መቀስ ያነሣና ይቆርጠዋል። ሁለቱ ጫፎች እኩል ሆኑ፤ ቅምቅማቱ ተሰፋ፤ ማስረጃው ወለል ላይ ቀረ። ፈታሹ ሲለካ ልኩ ልክ ነው። ውጥረቱ ግን ስፌቱ ውስጥ ተቀምጧል፤ ውሃ ሲያገኝ ይፈታል።

አንድ ቦታ የግራ እግር ብቻ ይዞር ነበር። ጨርቅ ቀየሩ፤ ያው ነው። ማርከሩን፣ ማለትም ፓተርኖቹ ጨርቁ ላይ የሚደረደሩበትን ንድፍ፣ እንደገና ሠሩ፤ ያው ነው። እኔ ሰፊው አጠገብ ቆሜ ዝም ብዬ አየሁ። የፊት ፓኔል ሁልጊዜ ከላይ እንዲሆን ስለሚፈልግ የቀኙን እግር ከወገብ ወደ ታች፣ የግራውን ከታች ወደ ወገብ ይሰፋል። የቀኙ ትርፍ ቅምቅማቱ ጋ ይወጣል፤ የግራው ወገብ ጋ ይወጣና ቀበቶ ቤቱ ውስጥ ይደበቃል። ሁለቱ እግሮች ስለዚህ በተለያየ ውጥረት ይዘጋሉ። ጨርቁም ማርከሩም ምንም አልነበራቸውም።

መፍትሄው ጨርቅ ከመቁረጥ ይጀምራል። ፊትና ኋላ ፓኔል ላይ በጎን ስፌቱም በውስጥ ስፌቱም ኖች (ጫፉ ላይ ትንሽ የመገናኛ ምልክት) ይቆረጥ፤ አንዱ ጉልበት ላይ፣ አንዱ ጭን መሐል። ሰፊው ኖች ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ ያገናኝ። ካልተገናኘ ይፍታና እንደገና ይጀምር፤ ጎትቶ አያድርስ። ሁለቱንም እግር ከአንድ ጫፍ ይጀምር። የማሽኑ እግር ጫናም ይስተካከል፤ ከልክ በላይ ሲጫን የላይኛውን ጨርቅ ይበልጥ ይይዘዋል። መቀስ ደግሞ ከዚያ ጠረጴዛ ይነሣ። ክር መቁረጫ ይበቃል። በቅምቅማት ጫፍ የተቆረጠ ጨርቅ ወለል ላይ ካያችሁ ሥራውን አስቁሙና ከየትኛው ሱሪ እንደወጣ ጠይቁ።

ፍተሻው ላይ የማስጠነቅቀው

ተተኩሶ የመጣ ሱሪ ለመጠምዘዝ አትፈትሹ። እንፋሎትና ካውያ የዞረን እግር ቀጥ አድርጎ ያሳያል፤ በሚቀጥለው እጥበት ይመለሳል። መተኮስ ጥገና አይደለም። "ተኩሰነው ተስተካክሏል" ብሎ የሚያስረክብ ችግሩን ለደንበኛው ነው ያሻገረው።

ታጥቦ የደረቀውን ሱሪ ሳትጎትቱ ዘርጉት። ወገቡን አስተካክሉ፤ እግሩ እንደፈለገ ይተኛ። ቅምቅማቱ ጋ ከጎን ስፌቱ እስከ እጥፋቱ ያለውን ርቀት ለኩ። እኔ እስከ 1 ሴንቲ ሜትር አሳልፋለሁ፤ ከዚያ በላይ ይመለሳል።

ያለቀ ሱሪ ይጠገናል ወይ? ጨርቁ ከሆነ አይጠገንም፤ ሌላ ጨርቅ ይቆረጥ። ሰፊው ከሆነና ስፌቱ ውስጥ በቂ ትርፍ ጨርቅ ካለ ከጉልበት በታች ተፈትቶ እንደገና ይሰፋል። ነገር ግን የመርፌ ቀዳዳና ያልደበዘዘ መስመር ይቀራል። ይህን ደንበኛው አስቀድሞ ይወቅ።

ሌሎቹ

*ፓኔሎቹ ቀለማቸው ተለያየ።* ኢንዲጎ (የጂንሱ ሰማያዊ ማቅለሚያ) የክሩን ላይ ብቻ ይዞ መሐሉን ነጭ ስለሚተው ትንሽ የማቅለም ልዩነት እጥበት ላይ ጎልቶ ይወጣል። ከየጥቅሉ ቁራጭ ወስዳችሁ አንድ ላይ ስፉ፣ እጠቡ፣ በቀለም መድቡ። ለእያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር ይለጠፍ፤ የቀበቶ ማስገቢያው ሳይቀር።

*የኪስ ጨርቁ ሰማያዊ ሆነ።* ከጨርቁ የለቀቀው ኢንዲጎ ተመልሶ ተቀመጠ ማለት ነው። ማሽኑ ከልክ በላይ ተጭኗል፣ ውሃው አንሷል ወይም ሳይደፋ ቆይቷል። ውሃውን ቶሎ ድፉ፣ ደጋግማችሁ አለቅልቁ።

*ስፌቱ ዳር ነጫጭ የላስቲክ ጫፎች ወጡ።* መርፌው የሚለጠጠውን ክር በጥሶታል። ጫፉ ድቡልቡል የሆነ መርፌ ተጠቀሙ፣ ሳይደንዝ ቀይሩት። ርካሽ መርፌ ገዝቶ ውድ ጨርቅ የሚያበላሽ ስፌት ቤት አይገባኝም። የተበጠሰው አይመለስም።

*ወፍራም መጋጠሚያ ላይ ስፌት ዘለለ።* መጋጠሚያውን በመዶሻ አሳሱት፤ የማሽኑ እግር እንዳይጋደል ከኋላው ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ቁራጭ አስገቡለት። ሰንሰለት ስፌት ከሆነ የዘለለውን አትለፉት፤ ከዚያ ጀምሮ ይተረተራል።

*የብረት ቁልፉ ወለቀ።* የሚስማሩ ርዝመት ከጨርቁ ውፍረት ጋር አይሄድም። የወገቡን ያህል በተደራረበ ቁራጭ ላይ ምቱትና ጎትታችሁ ሞክሩ።

*ፐርማንጋኔት (ጂንሱን የሚያነጣ ኬሚካል) የተረጨው ቦታ ቢጫ ሆነ።* ኬሚካሉ በደንብ ሥራው እንዲቆም አልተደረገም። በሶዲየም ሜታባይሰልፋይት ይርከስና በብዙ ውሃ ይታጠብ።

*ወገቡ ጠዋት ልክ ነበር፣ ከሰዓት ሰፋ።* ከማድረቂያ በትኩሱ ተለክቷል። በጣም የደረቀ ጥጥ ከአየሩ እርጥበት ወስዶ እስኪረጋ ድረስ ልኩ አይታመንም። ቀዝቅዞ ይረፍና ቁልፉ ተዘግቶ ይለካ።