በፒክአፕ ካምፐር በረዶ ውስጥ ማደር፦ ችግርና መፍትሄ

ዴንቨርና አውሮራ ለሚኖር ሐበሻ ተራራው ደጁ ላይ ነው። በአይ-70 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ስትወጡ የአይዘንሃወር ዋሻ ይገኛል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ። ፒክአፑ ላይ ካምፐር፣ ማለትም መኝታና ምድጃ ያለው ትንሽ ቤት፣ ጭኖ እዚያ አካባቢ በበረዶ ወቅት ማደር ይቻላል፤ ደስም ይላል። ግን በሞቃቱ ወራት የማይታወቁ ጣጣዎች ብቅ ይላሉ። ከሁሉም የከፉት የሚመጡት ሰው ብርዱን ፈርቶ ቀዳዳውን ሁሉ ጥርቅም አድርጎ ሲዘጋ ነው። ስለዚህ ከእነሱ እንጀምር።

ጠዋት ፍራሹ ከሥር ረጥቧል፣ መስኮቱ ያንጠባጥባል

ጣሪያው ያፈሰሰ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን ውሃው ከውስጥ የመጣ ነው። ሁለት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍሳል። ማታ ሽሮ ሲንተከተክ ነበር። የረጠበ ካልሲም ተሰቅሎ አድሯል። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ውሃ ይሆናል። ከጋቢናው በላይ ያለውን መኝታ ነፋስ ከሥሩም ከጎኑም ስለሚመታው ቶሎ ይቀዘቅዛል። ፍራሹን አንስታችሁ ጣውላውን ዳብሱት፤ ማዕዘኑ ላይ ስስ በረዶ ጋግሮ ልታገኙ ትችላላችሁ።

ጭስ ማውጫ የሌላት ትንሽ የጋዝ ማሞቂያ ነገሩን ታብሰዋለች። 1 ኪሎ ፕሮፔን ሲቃጠል ከ1.5 ኪሎ በላይ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣዋል። ያ ሁሉ የሚቀረው እዚያችው ጠባብ ቤት ውስጥ ነው።

መፍትሄው የጣሪያውን መስኮት ሁለት ጣት ያህል ከፍቶ ማደር ነው። ዝቅ ያለ አንድ መስኮትም እንዲሁ። ድስቱን ክደኑ። የረጠበ ልብስ ጋቢና ውስጥ ይደር። ከፍራሹ ሥር አየር የሚያሳልፍ ርብራብ አድርጉ። ትንሽ ጋዝ ያስወጣችኋል፤ የሻገተ ፍራሽና የበሰበሰ ጣውላ ግን ከዚያ የበለጠ ያስወጣል።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መዛል

«ከፍታው ነው» ተብሎ የሚታለፈው ይህ ነው፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝም ይህ ነው። የከፍታ ሕመምና የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ ምልክታቸው ይመሳሰላል። ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ ሁላችሁም ውጡ፤ ምክንያቱን ውጭ ሆናችሁ ፈልጉ። አንድ ሰው ከተደናገረ ወይም ራሱን ከሳተ ወዲያው 911 ደውሉ።

ሌሊት የወረደው በረዶ የማሞቂያውን ጭስ ማውጫ ሊደፍነው ይችላል። ሞተር አስነስታችሁ ለመሞቅ ስትሞክሩም የመኪናው ጭስ ማውጫ በረዶ ውስጥ ተቀብሮ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ማታም ጠዋትም በአካፋ ጥረጉ። ጊዜው ያላለፈበት የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ሳይኖር እዚያ ውስጥ መተኛት የለም።

እኛ ዘንድ ደግሞ ቡና አለ። ከሰል ካምፐር ውስጥ አይገባም፤ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን፣ በሩ ገርበብ ብሎም ቢሆን። ቡናውን በምድጃው ላይ መስኮት ከፍታችሁ አፍሉ። ለጭሳጭሱ ውጭ ብዙ ቦታ አለ።

የማሞቂያው ፋን ይዞራል፣ እሳት ግን የለም

ሰው ቀድሞ የሚጠረጥረው ጋዙን ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የካምፐሩን ባትሪ እዩ እላለሁ። ማሞቂያው ውስጥ በፋኑ ነፋስ የምትገፋ ትንሽ ማብሪያ አለች። እሷ ካልተገፋች ጋዝ አይለቀቅም። ባትሪው ሲደክም ፋኑ ይዞራል፣ ግን ነፋሱ ስለሚያንስ ማብሪያዋን አይገፋትም። ሞተሩን አስነስታችሁ ባትሪውን ሙሉና ደግማችሁ ሞክሩ።

ባትሪው ሊቲየም ከሆነ ሌላ ጣጣ አለው። ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ ማድረግ ይጎዳዋል፤ ስለዚህ መቆጣጠሪያው ኃይል አልቀበልም ይላል። ፀሐይ እየወጣች ሶላሩ ምንም አለመሙላቱ ከዚህ ይሆናል። ባትሪውን ሙቀት ወዳለበት ክፍል ማስገባት ወይም ራሱን የሚያሞቅ ዓይነት መግዛት ነው።

ባትሪው ደህና ሆኖ እሳቱ ተቀጣጥሎ የሚጠፋ ከሆነ ሲሊንደሩ ሊያልቅ ደርሷል ማለት ሊሆን ይችላል። በኃይለኛ ብርድ ጥቂት የቀረው ፕሮፔን ቶሎ ወደ ጋዝ አይለወጥም። በሞላው ቀይሩት። ሲሊንደርን በእሳት ማሞቅ ፈጽሞ የማይሞከር ነው።

መሪው ቀለለኝ፣ የፊት መብራቱ ዛፍ ላይ ያበራል

ኋላው በክብደት ተጭኖ ፊቱ ተነስቷል። በረዶ ላይ ይህ መዞርንም መቆምንም ያበላሻል። ዕቃችሁንና ሰዎቻችሁን ጭናችሁ ትራኮች የሚመዘኑበት ስኬል ላይ ውጡ፤ ትራክ የሚነዳ ዘመድ ካላችሁ የት እንዳለ ይነግራችኋል። ክብደቱን በሾፌሩ በር ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዩ። የካምፐሩ የክብደት መሐል ከኋላ ጎማ አክሰል ፊት ለፊት መዋል አለበት። ከኋላ ባሌስትራው ጋር የሚገጠም የአየር ከረጢት ኋላውን ቀና ያደርገዋል እንጂ መኪናው የሚችለውን ጭነት አይጨምርም።

መኪናው በነፋስ ከተወዛወዘ ማሰሪያዎቹን ፈትሹ፤ በመንገድ መናጥ ይላላሉ። ዋዮሚንግ ውስጥ አይ-80 ከላራሚ እስከ ሮሊንስ በነፋሱ የታወቀ ነው። ቀላልና ከፍ ላሉ መኪኖች ተዘግቷል ከተባለ እናንተንም ይመለከታል። ቆማችሁ እደሩ።

ጎማው ሲቀዘቅዝ አየሩም ይቀንሳል፤ በየ6 ዲግሪ ሴልሺየስ 1 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ) ገደማ። ማለዳ ሳትንቀሳቀሱ ለኩ። ኮሎራዶ ውስጥ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 በአይ-70 ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ የበረዶ ጎማና ሰንሰለት ሕግ አለ። የጎማው ጥርስ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ያህል መሆን አለበት። ሰንሰለት ማሰሩን ግቢያችሁ ውስጥ በደረቅ ቀን ተለማመዱ።

ፓምፑ ይጮኻል፣ ውሃ የለም

ቱቦው ውስጥ ውሃው በረዶ ሆኗል። ፓምፑን አጥፉ፣ የቁም ሳጥኖቹን በር ክፈቱ፣ ሙቀቱ ቀስ ብሎ ይግባ። ቱቦው ተሰንጥቆ ከሆነ የሚታወቀው በረዶው ሲቀልጥ ነውና ያኔ አጠገቡ ሁኑ። በበረዶ ወቅት የሚሻለው ቧንቧውን ጭራሽ ባዶ አድርጎ የመጠጥ ውሃን በጀሪካን ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ወደ ቧንቧው የሚጨመረው ለካምፐር የተሠራው አንቲፍሪዝ ብቻ ነው። የሞተሩ አንቲፍሪዝ መርዝ ነው።

የናፍጣ ሞተሩ ተነስቶ ይጠፋል

ብርድ ናፍጣውን ሰም አስይዞት ፊልትሮውን ደፍኖታል። ለክረምት የተዘጋጀውን ናፍጣ እዚያው ተራራው ላይ ቅዱ፤ ናፍጣ እንዳይረጋ የሚያደርገውን ፈሳሽም ብርዱ ሳይመጣ ጨምሩ። አንዴ ከረጋ በኋላ መኪናውን ሙቀት ያለበት ቦታ አስገብቶ ፊልትሮ ከመቀየር ሌላ አማራጭ እምብዛም የለም። ትርፍ ፊልትሮ ያዙ።