እግር ሌሊት ሲቅበጠበጥ፦ ምክንያቱን ስንፈልግ የምንሠራቸው ስህተቶች

ቀን ሙሉ ደህና የዋለ እግር፣ ማታ ጋደም ሲሉ ይነሳል። ሕመም ነው እንዳይሉ፣ ብዙ ጊዜ አያምም። ውስጥ ውስጡን ይሄዳል፣ ይጎትታል፣ አላስተኛ ይላል። ተነስተው ሲንጎራደዱ ይለቃል፤ ሲተኙ ይመለሳል። በ1945 እ.ኤ.አ. ኤክቦም የተባለ ስዊድናዊ ሐኪም «ዕረፍት የለሽ እግር» ብሎ የሰየመው ችግር ይሄ ነው።

መንስኤውን እግር ላይ መፈለግ። እኔም «ብርድ መትቶኝ ነው» ብዬ ስንት ቅባት ጨርሻለሁ። ማሸትና ሙቅ ውሃ ለጊዜው ያስታግሳሉ፣ አልዋሽም። ነገሩ የሚጀምረው ግን ከአንጎል ነው። እንቅስቃሴን የሚያስተካክለው ዶፓሚን የተባለ የአንጎል ኬሚካል ሥራው ይዛባል፤ አንጎል ውስጥ ያለው ብረትም ያንሳል።

«ደም ማነስ የለብህም» ሲባል ነገሩን መዝጋት። ትልቁ ስህተት ይሄ ይመስለኛል። የተለመደው ምርመራ በደም ውስጥ ብረት የያዘውን ሄሞግሎቢንን ያያል። የተጠራቀመውን ብረት የሚያሳየው ፌሪቲን የሚባለው ነው። ሄሞግሎቢን መሶብ ላይ ያለው እንጀራ ቢሆን፣ ፌሪቲን ጎተራው ነው። መሶቡ ሞልቶ ጎተራው ሊራቆት ይችላል። ደግሞ ላብራቶሪው «ጤነኛ» ያለው ፌሪቲን ለዚህ ችግር ላይበቃ ይችላል። ይህ ችግር ላለበት አዋቂ፣ የፌሪቲኑ ቁጥር በሊትር 75 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሐኪሞች ብረት መስጠትን ያስባሉ። የወር አበባ የሚበዛባቸው፣ ቶሎ ቶሎ ደም የሚለግሱ፣ ጨጓራቸው የሚደማ ሰዎች ጎተራቸው ቶሎ ይጎድላል። ከምግብ ላይ ወዲያው ቡና ወይም ሻይ ማስከተልም ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳል።

ታዲያ ሳይመረመሩ የብረት ኪኒን መዋጥ ሌላ ስህተት ነው። ብረት ሲበዛ ጉበትን ይጎዳል።

የሚወስዱትን መድኃኒት አለመጠርጠር። እንቅልፍ እንዲያመጣ ተብሎ የሚዋጠው ዳይፈንሃይድራሚን የእግሩን ችግር ያባብሰዋል። ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድም እንዲሁ። አሚትሪፕቲሊንና ሌሎች የድብርት መድኃኒቶችም አንዳንዱን ሰው ያስቸግሩታል። በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን አይሆንም፤ ያዘዘውን ሐኪም ያማክሩ።

ከቁርጠት ወይም ከስኳር ጋር ማምታታት። ቁርጠት ጡንቻውን ድንገት ጨምድዶ ያሳምማል። ስኳር የጎዳው ነርቭ ያቃጥላል ወይም ያደነዝዛል፤ መራመድም ብዙም አያስታግሰውም። የኛው ግን ሲያርፉ ይብሳል፣ ሲንቀሳቀሱ ይቀላል፣ ማታ ይከፋል።

እርግዝናንና ኩላሊትን መዘንጋት። ነፍሰ ጡሮች በተለይ በመጨረሻዎቹ ወራት ይገጥማቸዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይለቃል። ኩላሊታቸው የደከመ፣ በተለይ እጥበት ላይ ያሉም ብዙ ይቸገራሉ።

ቤተሰብን አለመጠየቅ። ችግሩ በዘር ይወርዳል። አባቴ ሌሊት ሌሊት ሳሎን ሲዞር «ሐሳብ ይዞት ነው» እንል ነበር። የኔ ችግር ስሙ ከታወቀ በኋላ ጠየቅኩት። «እግሬ እኮ ነው» አለኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። እናቱም እንዲሁ ነበሩ አሉ፤ እግራቸውን በነጠላ ጠፍረው ይተኙ ነበር።