የገጠር ውሃ ፕሮጀክት ሲጠየቅና በጀት ሲያዝ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተከፍቶ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል፤ የወሎ ምንጭ ግን የሚሞላውም የሚጎድለውም በራሱ ጊዜ ነው። በየወረዳው የምናያቸው አብዛኞቹ ስህተቶች ሁለቱን ካለማገናዘብ የሚመጡ ናቸው።

ከሁሉም የከፋው የምንጭን መጠን በመስከረም ወይም በጥቅምት ለክቶ በዚያው ቁጥር በጀት መጠየቅ ነው። ልኬቱ ራሱ ቀላል ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይደቀንና የሚሞላበት ሰከንድ ይቆጠራል። በ40 ሰከንድ ከሞላ ምንጩ በቀን 43,200 ሊትር ይሰጣል፤ በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር የተቀመጠው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ስለሆነ፣ የሌሊቱ ውሃ በማጠራቀሚያ እስከተያዘ ድረስ ከ1,700 ለሚበልጥ ሰው ይበቃል ተብሎ ይጻፋል። ክረምቱ ሳይገባ ያው ጀሪካን ሁለት ደቂቃ ሲፈጅ ግን የሚበቃው ለ576 ሰው ብቻ ነው። በልግ በሚዘንብባቸው ቦታዎች የሚያዝያ ልኬትም ያታልላል፤ ስለዚህ በልጉ ሳይጀምርና ክረምቱ ሳይገባ ሁለት ጊዜ ለክቶ ዝቅተኛውን መያዝ ያስፈልጋል። በአንድ የደጋ ቀበሌ በጥቅምት ልኬት ስድስት ቦኖ ተሠርቶ፣ በግንቦት ውሃ የሚደርሰው ለታችኞቹ ሁለቱ ብቻ ሆነ። የላይኛው መንደር ሽማግሌ ጽሕፈት ቤት ድረስ መጥተው «ያዋጣነው እኛ፣ የሚጠጣው ታችኛው መንደር፤ ይኼ እንዴት ያለ ሥራ ነው ልጄ?» ሲሉ መልስ የሚሰጥ ባለሙያ አልነበረም።

ሁለተኛው ስህተት የወረዳው ምክር ቤት ስላጸደቀ ብቻ ገንዘቡ እጅ የገባ አድርጎ ማሰብ ነው። ወረዳው ከክልሉ በጥቅል ከሚያገኘው ድጎማ ትልቁን ድርሻ ደመወዝ ስለሚወስደው፣ ለካፒታል ሥራ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ጥናትና ጨረታው እስከ ጥር ካልተጠናቀቀ ደግሞ የቁፋሮው ወቅት አልፎ ክረምቱ ይገባል፤ ያልተሠራበት የመንግሥት በጀትም ሰኔ 30 ቀን ተመላሽ ይሆናል።

ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያውና ቀበሌው ለአንድ ምንጭ በየፊናቸው ደብዳቤ መጻፋቸውም ይቅር፤ የመጠጥ ውሃ፣ የአካባቢና የግል ንጽሕና ሥራዎችን የያዘው አገር አቀፉ የዋን ዋሽ ፕሮግራም የውሃ፣ የጤና፣ የትምህርትና የገንዘብ መሥሪያ ቤቶችን በአንድ ዕቅድ ያስተሳሰረው ይህ እንዳይሆን ነው።

የውሃ ኮሚቴን ለምረቃው ቀን ማቋቋም ሌላው የተለመደ ጥፋት ነው። በኮዋሽ አሠራር፣ ማለትም ማኅበረሰቡ ራሱ ሥራውን በሚመራበት መንገድ፣ ገንዘቡ የሚለቀቀው በኮሚቴው ስም በተከፈተ ሒሳብ ስለሆነ ኮሚቴ ከሌለ ሥራው አይጀመርም። በአማራ ክልል ይህ ክፍያ ለዓመታት የተላለፈው ዛሬ ፀደይ ባንክ በሆነው የብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ነበር። ምንጩ በሰው ይዞታ ውስጥ ከሆነም ባለይዞታው የፈረመበት ቃለ ጉባኤ ከቁፋሮው በፊት ይያዝ።

የውሃ ክፍያን ከግንባታው በኋላ መነጋገር የሚበጀው ማንንም አይደለም። በአገሪቱ የውሃ ፖሊሲ መሠረት የገጠር ተጠቃሚ ቢያንስ የማስኬጃና የጥገና ወጪውን ይሸፍናል። በቆቦና በመሰል ቆላዎች ውሃው ከጥልቅ ጉድጓድ በፓምፕ ስለሚወጣ የነዳጁ ወይም የመብራቱ ሒሳብ ጥናቱ ላይ ይግባ። ከውሃ ሀብት ልማት ፈንድ የሚበደር ከተማ ደግሞ ብድሩን ከታሪፉ የሚከፍል በመሆኑ፣ ታሪፉን የሚያጸድቀው አካል የመክፈያ ሰሌዳውን ሳያይ ድምፅ መስጠት የለበትም።