ክሩዝ መርከብ ላይ ራስንና ቤተሰብን ከአደጋ እንዴት መጠበቅ ይቻላል?

መርከቡ ላይ በወጣችሁበት ቀን ያለው የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ለደህንነታችሁ ከቀሪው ጉዞ ሁሉ ይበልጣል። ሻንጣ ገና አልደረሰም፣ ምግቡ ተዘርግቷል፣ ልጆች ወደ መዋኛው ይጎትታሉ፤ ሰው የሚዘናጋውም ያኔ ነው። ከካቢናችሁ ወደ መሰብሰቢያ ጣቢያችሁ፣ ማለትም በአደጋ ጊዜ እንድትሰበሰቡ ወደተመደበላችሁ ቦታ፣ የሚወስደውን መንገድ አስቀድማችሁ በእግራችሁ ካልሄዳችሁበት፣ መብራት ጠፍቶ ኮሪደሩ በጭስ ሲሞላ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ካርታ አያድናችሁም። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ ረዘም ብለን እንቆያለን፤ ሌላውን ባጭሩ እናልፋለን።

ከመነሳታችሁ በፊት

የጉዞ ኢንሹራንስ ስትገዙ ከዋጋው በፊት ድንገተኛ የሕክምና ማጓጓዣን ይሸፍን እንደሆነ ተመልከቱ። የመርከብ ክሊኒክ ሐኪምና ነርስ፣ የተወሰነ ምርመራና መድኃኒት አለው እንጂ ሆስፒታል አይደለም። የልብ ድካም ወይም ስትሮክ የያዘው ሰው በሄሊኮፕተር ወይም በአምቡላንስ አውሮፕላን ሲወሰድ ሂሳቡ በአሥር ሺዎች ዶላር ይቆጠራል። ከአሜሪካ ተነስታችሁ ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን) ያላቸውን ወላጆች የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ፣ መርከቡ ከአሜሪካ ወደብ ከ6 ሰዓት ጉዞ በላይ ከራቀ ሜዲኬር እንደማይከፍል እወቁ። የዘወትር መድኃኒት ለጥቂት ተጨማሪ ቀናት የሚበቃ ያዙ፤ ከትልቁ ሻንጣ ይልቅ በእጅ ቦርሳ ይሁን።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ካለ መርከቡ የሚቆምበትን የእያንዳንዱን አገር የቪዛ ሕግ አጣሩ። አሜሪካ የገባው ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ በሚያገለግል ቪዛ ከሆነ፣ መርከቡ ሲመለስ እንደገና መግባት ይችል እንደሆነ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳትጠይቁ ቲኬት አትቁረጡ።

ካውያ፣ ሻማ፣ ውኃ ማፍያ ኮይልና ሰርጅ ፕሮቴክተር (ዕቃን ከድንገተኛ የኃይል መብዛት የሚከላከል) ያለው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ቤት ይቅሩ። የመጨረሻው ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ነው። የመርከብ የኤሌክትሪክ አሠራር ከቤት የተለየ ነው፤ ለቤት ተብሎ የተሠራ ሰርጅ ፕሮቴክተር አንዱን መስመር ብቻ ሲቆርጥ ሌላኛው ኃይል እንደያዘ ይቀራል፣ ዕቃው ይግላል፣ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ለቡና ብላችሁ የምትይዙት የኤሌክትሪክ ምድጃም ሆነ የዕጣን ከሰል ካቢን ውስጥ አይታሰብም።

መንገዱን በእግር መሄድ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 2012 ምሽት ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለው ክሩዝ መርከብ በጣሊያን ጂልዮ ደሴት አጠገብ ከዓለት ጋር ሲጋጭ ከ4,200 በላይ ሰዎች ተሳፍረውበት ነበር። በዚያው ቀን ከቺቪታቬኪያ ወደብ የተሳፈሩት ከ600 በላይ መንገደኞች የደህንነት ልምምድ ገና አላደረጉም፤ የዚያን ጊዜው ሕግ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ማዘግየትን ይፈቅድ ነበርና። መብራት ጠፋ። ለመንገደኛው የጄኔሬተር ችግር ነው ተባለ፤ ወደ ካቢናችሁ ተመለሱ የተባሉም ነበሩ። መርከቡን ለቃችሁ ውጡ የሚለው ትእዛዝ የመጣው ከግጭቱ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። በዚያ ላይ መርከቡ ወደ አንድ ጎን እየተጋደመ ሲሄድ በሌላው ጎን ያሉትን ጀልባዎች ማውረድ አስቸጋሪ ሆነ። 32 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ሶላስ የተባለው ዓለም አቀፍ የባሕር ደህንነት ስምምነት ተሻሽሎ፣ ከጃንዋሪ 2015 ጀምሮ ልምምዱ መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ወይም ወዲያው እንደተነሳ መደረግ አለበት።

ዛሬ ብዙ መርከቦች ልምምዱን አቅልለውታል፦ ቪዲዮውን በስልክ ታያላችሁ፣ ጣቢያው ድረስ ሄዳችሁ የመርከቡን ካርድ (የካቢን ቁልፋችሁና መታወቂያችሁ የሆነውን) ታስነካላችሁ፣ አበቃ። ለኩባንያው ሕጉን ያሟላለታል። ለእናንተ ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም ወደ ጣቢያው የሄዳችሁት ከምግብ አዳራሹ ነው፣ በሊፍት ነው፣ በቀን ብርሃን ነው። አደጋው የሚያገኛችሁ ተኝታችሁ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ካርዱን ካስነካችሁ በኋላ ወደ ካቢናችሁ ተመልሳችሁ ከዚያ እንደ አዲስ ጀምሩ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። በሩ ላይ ቁሙና መርከቡ በየት በኩል ወደፊት እንደሚሄድ ለዩ። ከዚያ ፊታችሁን ወደ ደረጃው አዙራችሁ አንድ እጃችሁን ግድግዳው ላይ ባለው መያዣ ላይ አድርጉና እስከ ደረጃው ድረስ ስንት የካቢን በር እንዳለ ቁጠሩ፤ ለምሳሌ በቀኝ እጅ 7 በር። ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ አትጻፉት፣ በቃላችሁ ያዙት። በደረጃው ወደ ጣቢያው ሂዱ፤ ሊፍት አትጠቀሙ፣ በአደጋ ጊዜ አይሠራምና። በመንገዳችሁ ላይ ወፍራም የእሳት መከላከያ በሮች ታያላችሁ። በአዘቦት ቀን ክፍት ናቸው፤ አደጋ ሲመጣ ግን ራሳቸው ይዘጋሉ። ተዘግቶ ስታገኙት መንገዱ ያለቀ አይምሰላችሁ፤ እሳቱ በዚያ በኩል ካልሆነ በእጅ ተገፍቶ ይከፈታል፣ ካለፋችሁ በኋላም መልሶ ይዘጋል፣ መዘጋትም አለበት።

አሁን ተመለሱና በተቃራኒው አቅጣጫ ያለውን ደረጃ ቁጠሩ። ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው፤ ዋናው ግን ይኼ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ በጭስ ቢዘጋ ወይም መርከቡ ቢያዘነብል ያላችሁ ሁለተኛው ብቻ ነው። ስታልፉ ወለሉ አጠገብ የተዘረጋውን የሚያበራ መስመር ልብ በሉ። ከወለሉ ከ30 ሳንቲሜትር በማይበልጥ ከፍታ የተቀመጠው ሆን ተብሎ ነው፤ ጭስ ወደ ላይ ሲወጣ አየርና ብርሃን የሚቀረው እታች ነው። በጭስ ውስጥ በጉልበታችሁ እየዳሃችሁ የምትከተሉት እርሱን ነው።

እናት አባት ወይም እንግሊዝኛ የማይሰማ ዘመድ አብሯችሁ ካለ፣ ይህን ሁሉ በአማርኛ እየነገራችሁ እጃቸውን ይዛችሁ አብራችሁ ሂዱ። በድምፅ ማጉያው የሚነገረው መመሪያ በአማርኛ አይመጣም። «እማዬ፣ ይህ ድምፅ ሲነሳ እኔን አትጠብቂኝ፣ በዚህ ደረጃ ውረጂ» ብላችሁ ቁርጡን ንገሯቸው፤ እናንተን ፍለጋ ካቢን ውስጥ የሚቆዩ ወላጆች ከሁሉ በላይ ለአደጋ የተጋለጡ ናቸው። ጣቢያው የሚታወቅበትን ፊደልና የካቢኑን ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ከመርከቡ ካርድ ለይተው ኪሳቸው ይያዙት። መርከብ ላይ ካርድ ይጠፋል፤ የካቢን ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ከጠፋ የቤታችሁን ቁልፍ ከነአድራሻው እንደመጣል ነው።

ልጆች በልጆች ክበብ ውስጥ እያሉ ምልክት ቢነፋ ማን ወደ የትኛው ጣቢያ እንደሚያመጣቸው ስታስመዘግቡ ጠይቁ። አሠራሩ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያል። መልሱን ካላወቃችሁ በሕዝብ ጎርፍ ላይ ተቃራኒ ትሮጣላችሁ፤ ልጁ ደግሞ በሌላ ደረጃ ወርዶ ይሆናል።

ምልክቱ ሲነፋ

ሰባት ወይም ከዚያ በላይ አጫጭር ድምፅ፣ በመጨረሻ አንድ ረጅም። ይህ ማለት ወደ ጣቢያ ሂዱ ማለት እንጂ መርከቡን ልቀቁ ማለት አይደለም፤ መልቀቅ የሚታዘዘው በካፒቴኑ ነው። የምትይዙት ጫማ፣ ሙቀት የሚሰጥ ልብስ፣ የግድ የሚያስፈልግ መድኃኒት ብቻ። ሻንጣ መንገድ ይዘጋል።

ላይፍ ጃኬት (ውኃ ላይ የሚያንሳፍፈው ሰደርያ) ካቢን ውስጥ ከሌለ አትደንግጡ፤ በአዳዲስ ትልልቅ መርከቦች በጣቢያው ላይ ነው የሚቀመጠው። ካቢን ውስጥ ካለ ግን የት እንዳለ አይታችሁ በዚያው ቀን አንድ ጊዜ ልበሱት። ካፖርት ከሥር፣ ጃኬት ከላይ። ማሰሪያው ጠበቅ ይበል፤ ላላ ያለ ጃኬት ውኃ ውስጥ ወደ ላይ ሸሽቶ ፊትን ይሸፍናል። የልጅና የጨቅላ ጃኬት ለብቻው አለ፤ በመጀመሪያው ቀን የካቢን ሠራተኛውን ጠይቁ። ለትልቅ ሰው የተሠራ ጃኬት ልጅን አይዝም፣ ሾልኮ ይወጣል።

ጣቢያው ከደረሳችሁ በኋላ ሠራተኞቹ ውጡ ካሏችሁ ውጡ፣ ቦታ ቀይሩ ካሏችሁ ቀይሩ። እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2019 ቫይኪንግ ስካይ የተባለው ክሩዝ መርከብ በኖርዌይ ባሕር ዳርቻ በማዕበል ውስጥ ሞተሮቹ ሲቆሙበት 1,373 ሰዎች ይዞ ነበር፤ ማዕበሉ ሰው ወደተሰበሰበበት አዳራሽ ገብቶ መንገደኞችን አንሸራትቷል። ከተሳፈሩት ውስጥ 479ኙ አንድ በአንድ በሄሊኮፕተር ተጎትተው ወጡ። በከፍተኛ ማዕበል ወለል ላይ ተቀመጡ፤ ከመስታወትና ካልታሰረ ዕቃ ራቁ።

እሳት

ክሩዝ ላይ ከመስጠም ይልቅ የሚያሰጋው እሳት ነው፤ በእሳትም ውስጥ ገዳዩ ጭሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ስካንዲኔቪያን ስታር በተባለው የመንገደኞች መርከብ ላይ በተነሳው ቃጠሎ 159 ሰዎች ሲሞቱ አብዛኞቹን የገደለው የጭሱ መርዝ ነው። የካቢን በር ከመክፈታችሁ በፊት በእጃችሁ ጀርባ ንኩት። ከጋለ አትክፈቱ፤ ስልክ ላይ በተጻፈው የአደጋ ቁጥር ደውሉ፣ ፎጣ አርጥባችሁ የበሩን ሥር ድፈኑ፣ በረንዳ ካላችሁ ወደዚያ ውጡ። ሲጋራ ከበረንዳ ላይ ወደ ታች መጣል ደግሞ በጭራሽ የለም። ነፋሱ መልሶ ወደ ሌላ ሰው በረንዳ ይከተዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ስታር ፕሪንሰስ የተባለውን ክሩዝ መርከብ ያቃጠለው እሳት የተነሳው ከበረንዳ ሲሆን፣ መርማሪዎች ሲጋራ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል።

ሰው ባሕር ውስጥ ቢወድቅ

የአሜሪካ ሕግ የመርከቡ መከላከያ አጥር ቢያንስ 42 ኢንች፣ ማለትም 107 ሳንቲሜትር ያህል እንዲሆን ያዛል። በዚህ ከፍታ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው በቀላሉ አይወድቅም፤ የሚወድቀው የሚወጣበት፣ የሚቀመጥበት ወይም ሰክሮ የሚንጠራራበት ነው። በረንዳ ላይ ያሉትን ወንበሮች ከአጥሩ አርቁ፤ ልጅ ወንበር ይዞ ይወጣል። ሰው ሲወድቅ ካያችሁ ጩኹ፣ የሚንሳፈፍ ነገር ሁሉ ጣሉለት፣ ከዚያ ጣታችሁን በእርሱ ላይ አነጣጥራችሁ ዓይናችሁን አትንቀሉ። መርከቡ ሰፊ ዙር ዞሮ እስኪመለስ ከማዕበል መካከል አንድ ጭንቅላት መልሶ ማግኘት እጅግ ከባድ ነው። ለሠራተኞች የሚያሳውቀው ሌላ ሰው ይሁን።

ወንጀል

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የአሜሪካ የክሩዝ መርከቦች ደህንነት ሕግ በአሜሪካ ወደብ መንገደኛ ለሚያሳፍሩ ወይም ለሚያወርዱ ትልልቅ መርከቦች የካቢን በር መመልከቻ ቀዳዳና ተጨማሪ መቆለፊያ እንዲኖር፣ ከባድ ወንጀልም ለኤፍቢአይ (ለአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ) እንዲነገር ያስገድዳል። በዚያ ሕግ መሠረት ከሚወጡት ሪፖርቶች በብዛት የሚታየው የወሲብ ጥቃት ነው። ስለዚህ ማታ ወደ ካቢን ስትመለሱ ተጨማሪውን መቆለፊያም ዝጉ፣ የበረንዳውንም በር እንዲሁ፤ ያልጠራችሁት ሰው ሲያንኳኳ በቀዳዳው ሳታዩ አትክፈቱ። መጠጣችሁን ትታችሁ አትሂዱ። ለወጣት ልጆቻችሁ ሠራተኛ ካቢን ውስጥ ብቻውን የሚጋብዛቸው ምንም ምክንያት እንደሌለ በግልጽ ንገሯቸው።

ጥቃት ከደረሰ፦ አትታጠቡ፣ ልብስና አንሶላ አትንኩ፣ ክሊኒክ ሄዳችሁ ምርመራና ማስረጃ መሰብሰቢያ ጠይቁ፤ ሕጉ መርከቡ ይህን እንዲያዘጋጅ ያስገድዳል። የመርከቡ ጥበቃዎች የኩባንያው ተቀጣሪዎች ናቸው፤ ጥሩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፣ ፖሊስ ግን አይደሉም። መርከቡም የተመዘገበው በባሃማስ፣ በፓናማ ወይም በማልታ ሊሆን ስለሚችል የማን ሕግ እንደሚሠራ ወዲያው ግልጽ አይሆንም። ለእነርሱ ካመለከታችሁ በኋላ ራሳችሁም ለኤፍቢአይና ለኤምባሲያችሁ ደውሉ፤ ጊዜውን፣ ቦታውንና የምስክሮችን ስም በወረቀት መዝግቡ።

ሆድ በሽታና ወደብ

ኖሮቫይረስ የተባለው ማስታወክና ተቅማጥ የሚያስከትል ተላላፊ ቫይረስ በአልኮል ጄል በደንብ አይሞትም። ከመብላታችሁ በፊትና ከመጸዳጃ ቤት ስትወጡ በሳሙናና በውኃ 20 ሰከንድ ታጠቡ፤ ማስታወክ ወይም ተቅማጥ ከጀመራችሁ ለክሊኒኩ ሳትደብቁ ተናገሩ።

ወደብ ላይ ራሳችሁ ባዘጋጃችሁት ጉብኝት ከሄዳችሁ መርከቡ አይጠብቃችሁም። ከመውረዳችሁ በፊት የዕለቱ ፕሮግራም ላይ ያለውን የወደብ ወኪል (ኩባንያውን እዚያ ወደብ ላይ የሚወክለውን) ስልክ በፎቶ አንሱ፣ የፓስፖርታችሁን ኮፒ ያዙ። ሁለት የሰዓት ስሕተቶች ሰውን ያስቀራሉ። አንደኛው፣ ስልክ በራሱ ወደ ደሴቱ ሰዓት ይቀየራል፣ መርከቡ ግን በራሱ ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ የመርከቡን ሰዓት በእጅ ሰዓት ያዙ። ሁለተኛው የእኛው ነው፦ ፕሮግራሙ ላይ 4:30 ከሰዓት ተብሎ የተጻፈው የመመለሻ ሰዓት በሐበሻ አቆጣጠር ከቀኑ 10:30 ነው። ከአገር ቤት ለመጡ ወላጆች አንዱን ብቻ ነግራችሁ አትተዉ፤ «በእኛ አሥር ሰዓት ተኩል፣ ከዚያ ቀደም ብላችሁ በሩ ላይ» በሏቸው።