የአውድማውን ፎቶግራፍ ከግብር ደረሰኙ ጋር አብራችሁ ተመልከቱ

በሰበታ፣ በሱሉታ ወይም በለገጣፎ ዙሪያ ቤተሰቦቻችሁ ያርሱ የነበራችሁ ሁሉ፣ የቤተሰባችሁን ታሪክ ፍለጋ የአያቶቻችሁን ሣጥን ስትከፍቱ ፎቶግራፉንና የግብር ደረሰኙን አትለያዩ፤ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላልና። እኔ ከእናቴ ሣጥን ያገኘሁት ፎቶግራፍ አያቴን መንሽ ይዘው በአውድማ ላይ ከበሬዎቻቸው ጋር ያሳያል፤ ጀርባው ላይ ግን አንዲት ቃል እንኳ አልተጻፈችም። ከበስተኋላቸው የሚታየውን የወጨጫን ተራራ ጫፍ ምልክት አድርጌ ወደ ሰበታ ስሄድ፣ አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ ዛሬ ቤት የተሠራበትን አውድማ በከዘራቸው አመለከቱኝ።

በደረሰኝ ላይ መሬቱ በጋሻ ከተጻፈ፣ አንዱ ጋሻ 40 ሄክታር ገደማ መሆኑን አስቡ፤ የገበሬ ማኅበር ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ደግሞ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ከታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ የተጻፈ ነው። ከሁሉ ይልቅ በስም ተጠንቀቁ፤ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ ቋሚ የቤተሰብ ስም ስለሌለን የቅድመ አያት ስም ከልጅ ልጅ ልጆች ወረቀት ላይ ይጠፋል፣ በግብር ደረሰኝ በዓለም ስሙ የተጻፈው ሰውም በቤተ ክርስቲያን መዝገብ በክርስትና ስሙ ብቻ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ እናቶችን የሁሉንም ክርስትና ስም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ፎቶግራፉን ያለ ፍላሽ፣ በመስኮት ብርሃን በስልክ አንሡት፤ ሽማግሌዎች የነገሯችሁንም ስም ከጀርባው በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊት ገጹ ሊዘልቅ ይችላልና።