ልጃችሁ ሚድል ስኩል ውስጥ ቋንቋ ሲመርጥ እነዚህን አትሳሳቱ

ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ሚድል ስኩል ፈረንሳይኛ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ የሚቀጥለው ዓመት ኮርስ መምረጫ ይወጣል። በየዓመቱም የእኛው ሰዎች ያንኑ ስህተት ይሠራሉ። ዘንድሮ ሦስተኛዋ እናት ደውላ «መምህር፣ ምን ይሻለኛል?» ስትለኝ ነው ይህን ልጽፍ የተቀመጥኩት።

ምርጫውን ለልጁ መተው። «እሱ ያውቃል፣ እዚሁ ነው የተወለደው» ትላላችሁ። የ12 ዓመት ልጅ ምን ያውቃል? ጓደኛው የሞላውን ይሞላል።

«7ኛ ክፍል ደግሞ ምን ይቆጠራል?» ማለት። ይቆጠራል እንጂ! እዚህ ቨርጂኒያ ልጁ በ7ኛ ወይም በ8ኛ ክፍል የሚጨርሰው «ስፓኒሽ 1» እንደ ሃይስኩል ኮርስ ይቆጠራል። ክሬዲቱም ውጤቱም ሃይስኩል ትራንስክሪፕት (የውጤት ማስረጃ) ላይ ይገባል። አንዲት ተማሪ ነበረች፣ ጎበዝ ልጅ፣ በዚያ ዓመት ግን ስልኳ ላይ ተጥዳ ከርማ ስፓኒሽን በሲ (C) አለፈች። ቤተሰቡ «አልፋለች አይደል?» ብሎ ተወው። 10ኛ ክፍል ደርሳ ካውንስለሯ (የትምህርት ቤቱ አማካሪ) ወረቀቱን ስትዘረጋላቸው ያ ሲ እዚያው ቁጭ ብሏል። የስቴቱ ደንብ ወላጅ ጠይቆ እንዲህ ያለውን ውጤት እንዲያስወጣ ይፈቅዳል። ነገር ግን ክሬዲቱም አብሮ ይሄዳል፣ ቀነ ገደብም አለው። እነሱ ሲሰሙ ቀኑ ካለፈ ቆይቷል።

መሀል ላይ ቋንቋ መቀያየር። አድቫንስድ የሚባለው የሃይስኩል ዲፕሎማ ወይ የአንድ ቋንቋ ሦስት ዓመት፣ ወይ የሁለት ቋንቋ ሁለት ሁለት ዓመት ይፈልጋል። ዘንድሮ ፈረንሳይኛ፣ ከርሞ ቻይንኛ፣ ከዚያ ደግሞ ስፓኒሽ የቀመሰ ልጅ ሦስት ዓመት ተምሮም አንዱን አላሟላም።

የቤት ሥራን በጉግል ማስተርጎም። ገና «ስሜ እገሌ ነው» እያለ የሚኮላተፍ ልጅ ሱብዦንክቲፍ የሚባለውን ከባድ የፈረንሳይኛ የግስ አረባብ አሳክቶ ጽፎ ሲያመጣ ማን እንደጻፈው አይጠፋኝም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ልጅ ስታስመዘግቡ ቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ምንድን ነው ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። ግማሹ ሰው «እንግሊዝኛ» ብሎ ይሞላል። ለምን? «ኢሶል ክፍል (እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች የሚሰጠው) ይከቱብኛል» ብሎ። አማርኛ ብላችሁ ብትሞሉ የሚከተለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ነው። እንግሊዝኛው ጥሩ የሆነ ልጅ ፈተናውን አልፎ መደበኛ ክፍሉ ይገባል፣ በቃ። ውሸቱ ግን ወረቀት ላይ አይቀርም፤ ቤት ድረስ ይከተላችኋል። ትንሽ ቆይቶ እናት በተሰባበረ እንግሊዝኛ ታወራዋለች፣ ልጁም በዚያው ይመልስላታል። ከዚያ 7ኛ ክፍል ሲደርስ «እስቲ አንድ የውጭ ቋንቋ ይማር» ብላችሁ እኔ ዘንድ ትመጣላችሁ። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ስፓኒሽ ለማስተማር 30 ሳምንት ገደማ ይመድባል። ለአማርኛ ስንት እንደሚመድብ ታውቃላችሁ? ወደ 44 ሳምንት። መንግሥት ደሞዝ እየከፈለ ይህን ያህል ጊዜ የሚያስተምረውን ቋንቋ እናንተ በነጻ እየጣላችሁት ነው።

አማርኛ ደግሞ ክሬዲት ያስገኛል። ፌርፋክስ ካውንቲ በተለያዩ ቋንቋዎች ተፈትኖ የቋንቋ ክሬዲት የሚገኝበት ፈተና አለው፤ አማርኛ ከዝርዝሩ ውስጥ ነው። ሌላ ካውንቲ ያላችሁ ካውንስለራችሁን ጠይቁ። ማውራቱ ብቻ ግን አይበቃም፣ መጻፍ ይጠይቃል። ከአያቱ ጋር አማርኛን እንደ ውሃ የሚያወርድ አንድ ልጅ ነበረኝ። ለልምምድ ብዬ አንድ አንቀጽ ጻፍ ብለው ሙሉውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎ ሰጠኝ። ፊደል በአንድ ሳምንት አይያዝም። በ6ኛ ክፍል ክረምት ሀሁ ብትጀምሩ 8ኛ ክፍል ሳይደርስ ይጽፋል።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት «በአማርኛ ላውራው ወይስ ይቅር?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ አዋቂው «ለጊዜው እንግሊዝኛው ይጠንክርለት» አልኳት። ልጁ አሁን ዩኒቨርሲቲ ነው። አያቱ ከአዲስ አበባ ሲደውሉ ስልኩን ለእናቱ ያቀብላታል።

ከጂዳ ወይም ከዱባይ የመጣችሁ፣ ልጁ የሰፈር ዓረብኛ ያወራል ብላችሁ «ዓረብኛ 1»ን «ዘና ብሎ ያልፋል» አትበሉ። ክፍሉ የሚያስተምረው የመጽሐፉን ዓረብኛ ነው። ልጁ ገና ፊደሉ ላይ ይደናገራል። የሚያወራውን ንገሩና ደረጃው ይለካ።

የመጨረሻው፣ ልጁን አስተርጓሚ ማድረግ። ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ ከቀጠሮው ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ጊዜ ካውንስለሯ ለአንድ አባት «ሃይስኩል ሲገባም ፈረንሳይኛውን ባያቋርጥ ጥሩ ነው» አለች። ልጁ ዞር ብሎ ለአባቱ «ከርሞ ፈረንሳይኛ ግዴታ አይደለም እያለች ነው» አለው። አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። አባትየው «እግዜር ይስጥልን» ብለው ሊነሡ ሲሉ «ኧረ ጋሼ፣ አንዴ ይቀመጡ» አልኳቸው። ልጁ አማርኛ እንደምችል ያወቀው ያን ጊዜ ነው።